መሶቡን የበላው ውሻ

(ደብረ ብርሃን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፤ የሰፈሩ ስፌት ማኅበር መሪ አስካለ አገልግል አንጠልጥላ ከጎረቤቷ፣ ከጡረተኛው የፋብሪካ ዘበኛ ከጋሽ በልሁ ደጅ ቆማለች፤ ከረቡዕ ወዲህ ዓይናቸውን ቀና ብላ ማየት አቅቷታል።)

በልሁ፦ አይሆንም አልኩሽ። አገልግሉን ይዘሽ ተመለሺ።

አስካለ፦ ጋሽ በልሁ፣ ምግብ እኮ ነው! ምግብ ከደጅ ይመለሳል?

በልሁ፦ ምግቡን መች ጠላሁት። አገልግሉ ቆዳ ለብሷል። ቆዳ የለበሰ ነገር እኔ ግቢ ገብቶ በደህና እንደማይወጣ እድሩ ወስኗል።

አስካለ፦ እንዲህ አይበሉኝ።

በልሁ፦ ምን አልኩሽ? ቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረውን ነው። አንቺው አይደለሽ ያስጻፍሽው?

አስካለ፦ እሺ፣ ቢያንስ ወደ ውስጥ እንግባ። አላፊ አግዳሚው እያየን ነው።

በልሁ፦ ይየን። ረቡዕ ዕለት በእድሩ ስብሰባ ሰማንያ ሰው አይቶኝ የለም እንዴ? ሁለት ሦስት መንገደኛ ቢጨመርበት ምን እሆናለሁ።

አስካለ፦ እዚሁ ልቁም እንግዲህ። የመጣሁት ለነገው ነው። ከቅዳሴ መልስ መሶቡን ይዘን ወደ አረጋውያኑ መጦሪያ እንሄዳለን። እርስዎም እንዳይቀሩብን።

በልሁ፦ መሶቡ ተጠገነ?

አስካለ፦ ተጠገነ። አሥራ ሁለት ሴት ሆነን ወስፌ ከእጃችን ሳይወርድ ሰነበትን። የተቦጨቀውን እግሩን ፈታን፣ እንደገና ሰፋን፣ ቆዳውንም አዲስ አለበስነው። ይኸው ጣቴን ይዩት፣ ወንፊት ሆኗል። በዚያ ላይ እንግዳ አለብኝ፣ ልጅ አለችብኝ፣ ቤቱ አለብኝ። ይሄ ሳምንት ሰባት ቀን ነው ቢሉኝ አላምንም።

በልሁ፦ እሰይ። አጸደ ደስ ይላታል።

አስካለ፦ እማማ አጸደማ ምን ያያሉ፣ ዓይናቸው ጠፍቷል። በእጃቸው ነው የሚዳስሱት። እዚህ ሰፈር ስፌት የሚያውቅ ሁሉ እጁን ይዘው ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። አሁን መጦሪያው ውስጥ ለብቻቸው፣ በላስቲክ ሳህን ሲበሉ አየኋቸውና አንጀቴ ተቃጠለ። ከሌሎቹ አረጋውያን ጋር በአንድ መሶብ ይቅረቡ ብለን ነው ክረምቱን ሙሉ የሰፋነው።

በልሁ፦ መልካም አሰባችሁ። እኔ ታዲያ እዚያ ምን እሠራለሁ? የተበዳይ መሶብ ላጅብ?

አስካለ፦ ሰው እየጠየቀኝ ነው። «ጋሽ በልሁ የት ገቡ? አኩርፈው ነው?» እያሉ።

በልሁ፦ ከሰው ጥያቄ ለማረፍ ነው የመጣሽው?

አስካለ፦ አይደለም… እሱም አለበት።

በልሁ፦ ይቺ እንኳ እውነት ናት። ዛሬ የሰማሁት የመጀመሪያ እውነት።

አስካለ፦ ወለላ እንዴት ናት?

በልሁ፦ ስሟን ታውቂዋለሽ ለካ። ረቡዕ «ያቺ ውሻ» ነበር ያልሽው።

አስካለ፦ ጋሽ በልሁ…

በልሁ፦ እድሩ ከሰፈር ትውጣ ስላለ ከድንጋይ መፍለጫው ዘበኛ ዘንድ ናት፤ በገመድ ታስራ። ትናንት ሥጋ ይዤላት ሄድኩ። ጀርባዋን ሰጠችኝ።

አስካለ፦ አላወቀችዎት ይሆናል።

በልሁ፦ ስምንት ዓመት የፋብሪካውን በር አብራኝ ጠብቃ? በአንድ ካፖርት ሥር እየተኛን?

አስካለ፦ ዘበኛ ይተኛል እንዴ?

በልሁ፦ በየተራ። ብዙውን ጊዜ ተረኛዋ እሷ ነበረች። አውቃኛለች፤ አውቃኝ ነው ጀርባዋን የሰጠችኝ።

አስካለ፦ እንግዲያው ዛሬውኑ ይዘዋት ይምጡ። ሴቶቹን እኔ አግባባለሁ። «አርጅታለች፣ ይቅር በሏት» እላቸዋለሁ።

በልሁ፦ ይቅር በሏት? ምን አጥፍታ?

አስካለ፦ ያው የተባለውን ነዋ።

በልሁ፦ እኮ ምን አጥፍታ ነው፣ አስካለ?

አስካለ፦ እርስዎ ራስዎ በስብሰባው ላይ «ውሻዬ ናት» ብለው የለም?

በልሁ፦ እኔ ያልኩትን ተዪው። አንቺ ያየሽውን ንገሪኝ።

አስካለ፦ ምን አየሁ… ማክሰኞ ከገበያ ስመለስ ወለላ የዕቃ ቤቴን በር ስትቧጭር አገኘኋት። ጎረቤቱ ሁሉ አይቷታል። በሩን ስከፍተው መሶቡ ተበልቷል።

በልሁ፦ በሩን ስትከፍቺው። ተዘግቶ ነበር ማለት ነው?

አስካለ፦ አዎ… ማለቴ…

በልሁ፦ ለእድሩ «ገርበብ ብሎ ነበር» ነው ያልሽው። በሩ ዝግ፣ ውሻዋ ከውጭ፣ መሶቡ ከውስጥ። ሠላሳ ዓመት በር ጠብቄያለሁ። በዝግ በር ያለፈ ሌባ አጋጥሞኝ አያውቅም። ውሻም እንደዚያው።

አስካለ፦ ምነው አሁን መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ!

በልሁ፦ መሬቱ የቀበሌ ነው፣ ያለ ፈቃድ አይሰነጠቅም። ተናገሪ።

አስካለ፦ ጩጬ ነው።

በልሁ፦ ማን?

አስካለ፦ ጩጬ፣ የወለላ ልጅ። ለልጄ የሰጧት ቡችላ። ውስጥ የነበረው እሱ ነው።

በልሁ፦ እህትሽ ቤት ሄዷል አላልሽም?

አስካለ፦ የትም አልሄደም። ሰኞ ዕለት አማቴ ቄስ ወልደ ሰንበት ከመንዝ መጡ፣ ለዓይናቸው ሕክምና። ያውቋቸው የለ? ውሻ በገባበት ቤት ዳዊት አይደግሙም፣ ውሃም አይጠጡ። ልጄ ደግሞ ቡችላው ከእጇ ሊወጣ ነው ብላ አልቅሳ ልትሞት። ለእሳቸውም ለሰፈሩም «ወደ እህቴ ቤት ልኬዋለሁ» አልኩና ዕቃ ቤት ዘጋሁበት። አንድ ሳምንት ናት፣ ሳይታወቅ ታልፋለች ብዬ። መሶቡ እዚያው መሆኑን በእንግዳ ወከባ ጨርሶ ዘነጋሁት። እሱ ደግሞ ጥርስ እያወጣ ነው። አዲስ ቆዳ ሲሸተው ምን ያድርግ።

በልሁ፦ ወለላስ?

አስካለ፦ ሲያለቅስ ሰምታ ነው የመጣችው። ልጇን ፍለጋ።

በልሁ፦ ልጇን ፍለጋ መጥታ የልጇን ጥፋት ተሸከመች።

አስካለ፦ የልጇንም አይደል። የኔን ነው የተሸከመችው።

በልሁ፦ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉሻል ይሄ ነው። ቄሱን ብትፈሪ ውሻዬን መታሽ።

አስካለ፦ ልናገር ነበር፣ የእግዜር እውነት! ማክሰኞ ቡችላውን አማቴ እንዳያዩት ከጆንያ ጀርባ ሸሽጌው ነበር፤ ሴቶቹ መሶቡን አይተው ሲጮሁ ግን አፌን ከፍቼ ነበር። አማቴ ከሳሎን ሆነው «ምንድን ነው?» አሉ። ያን ጊዜ «የጋሽ በልሁ ውሻ ናት» የሚል ቃል አመለጠኝ። ከወጣ በኋላ እንዴት ልመልሰው? የፈሰሰ ውሃ…

በልሁ፦ ተረት አታንተርሺኝ። ውሃው የፈሰሰው በኔ ላይ ነው።

አስካለ፦ እርስዎ ግን በሩን ካሰቡት፣ ነገሩ ከገባዎት፣ ለምን አልተከራከሩም?

በልሁ፦ ተነስቼ የለም እንዴ! «ውሻዬ ንጹሕ ናት» ብዬ ጀመርኩ። ያን ጊዜ አንድ ሰው «ጠበቃ ቆመላት!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሰማንያው ሰው ሳቀ።

አስካለ፦ አስታውሳለሁ።

በልሁ፦ መጀመሪያ የሳቀው ማን ነበር?

አስካለ፦ አይጠይቁኝ።

በልሁ፦ ድምፁን ለይቼዋለሁ። ካንቺው አፍ ልስማው ብዬ ነው።

አስካለ፦ እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የሳቅሁት። ንግግርዎ ከቀጠለ የበሩ ነገር ይነሳል ብዬ ፈራሁ። እንዲቀመጡ ብዬ ነው። ተቀመጡም። ደስ አለኝ፣ ለአፍታ ደስ አለኝ! ከዚያ ወዲህ ግን ያ ሳቅ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። መስታወት ፊት ስቆም ራሴን እጸየፋለሁ፣ ጋሽ በልሁ። ይስደቡኝ እንጂ!

በልሁ፦ ልሰድብሽ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ስድብ ሳጠራቅም ነው የሰነበትኩት። ግን እኔም ካንቺ አልሻልም። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ በቤቴ የማወራው ከወለላ ጋር ብቻ ነው። ጠዋት እንዴት አደርሽ እላታለሁ፤ ማታ የዋልኩበትን እነግራታለሁ። ስትስቁ ይሄ ሁሉ የታወቀብኝ መሰለኝ። አፈርኩ። «እሺ፣ ውሻዬ ናት፣ እወስዳታለሁ» ብዬ ቁጭ። ካንቺ አፍ የወጣውን በኔ አፍ አጸናሁት። እንግዲህ ጀርባዋን ብትሰጠኝ ይፈረድባታል?

አስካለ፦ እግርዎ ላይ ልውደቅ። ይኸው ድንጋይ ልሸከምልዎ…

በልሁ፦ ኧረ አስቀምጪው፣ ወገብሽን ነገ ለመሶቡ ትፈልጊዋለሽ! ድንጋይ የሚሸከሙት ሽማግሌ ቁጭ ባለበት፣ ሰው በተሰበሰበበት ነው። ለእኔና ለአጥሩ ብቻ ምን ያደርጋል?

አስካለ፦ ወለላን እኔው ሄጄ አመጣታለሁ። ኮቴ ሳላሰማ፣ በጓሮ በር…

በልሁ፦ በጓሮ በር የሚገባ ሌባ ነው። ወለላ በዋናው በር ነው የወጣችው። እኔም ስሜ የወደቀው አደባባይ ላይ ነው፤ ከጓሮ አይነሳም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፣ ልጄ። እኔ ደግሞ ከስሜ ሌላ ይሄ ነው የምለው ነገር የለኝም።

አስካለ፦ ሰኞ እንግዲያው። አማቴ ሰኞ ይመለሳሉ። እሳቸው ይሂዱልኝ እንጂ ቤት ለቤት ዞሬ እናገራለሁ፣ እምላለሁ።

በልሁ፦ ነገ መሶቡን የሚባርከው ማን ነው?

አስካለ፦ …እሳቸው ናቸው።

በልሁ፦ ይኸውልሽ። ቄሱ ውሸት ላይ ጠበል ሊረጩ ነው።

አስካለ፦ ባለቤቴ አባቱን እንዴት እንደሚፈራ ያውቃሉ። ለአሥራ አምስት ዓመት «ምራቴ ቅን ናት» ሲሉኝ የኖሩ ሰው ናቸው። በሳቸው ፊት «ዋሽቻለሁ» ብዬ እንዴት አፌን እከፍታለሁ? ውሻ ቤት ማስገባቴን ይቅር ይሉኛል። ማሳበቤን ግን…

በልሁ፦ እኔ አልገድድሽም። አጸደ ዘንድም ሳልናገር ወጥቻለሁ።

አስካለ፦ እማማ አጸደ ዘንድ? መቼ?

በልሁ፦ ሐሙስ። ወለላን አድርሼ ስመለስ ልጠይቃት ገባሁ። ወሬው ከኔ ቀድሞ ደርሷል። እጄን ያዘችና «በልሁ፣ ልጆቼ የሠሩልኝን መሶብ ውሻህ በላችብኝ አሉ» ብላ ሳቀች። ቅር እንኳ አላላትም። «ግዴለም፣ ውሻ ምን ያውቃል» አለችኝ። እኔም «አዎ፣ ምን ታውቃለች» አልኳት።

አስካለ፦ ለምን እውነቱን አልነገሯቸውም?

በልሁ፦ ወዲያው ስላንቺ ጀመረቻ። «ካስተማርኳቸው ሁሉ አስካለ እጇም ልቧም አንድ ነው» አለችኝ። ዓይኗን ያጣች ሴት ናት። አንቺንም ላሳጣት?

አስካለ፦ …ይሄን ባይነግሩኝ ይሻለኝ ነበር።

በልሁ፦ እኔም ልነግርሽ አልፈለግሁም። ደጄ ድረስ መጥተሽ ገፋሽኝ።

አስካለ፦ ልጄ እኮ ታውቃለች። ትናንት ከትምህርት ቤት መጥታ «እማዬ፣ ወለላን ያባረርናት እኛ ነን፣ አይደል?» አለችኝ። «ዝም በይ» አልኳት።

በልሁ፦ ልጅ ዝም በይ ስላሏት ዝም ትላለች እንዴ!

አስካለ፦ ዝም አለች። እሱ ነው ያስደነገጠኝ። እንደኔው አንገቷን ደፍታ፣ እንደኔው ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች። ስፌት ላስተምራት ስል ሌላውን አስተማርኳት።

በልሁ፦ አይዞሽ፣ አታልቅሺ እዚህ ደጅ ላይ። አላፊ አግዳሚ ያያል ያልሽው አንቺ ነሽ።

አስካለ፦ ይየኝ።

በልሁ፦ ጎሽ። ደግሞ ቦርሳሽን የምትበረብሪው ምን ፍለጋ ነው?

አስካለ፦ ስልኬን። የእድሩን ሊቀመንበር ፈልጌ ነው።

በልሁ፦ አቶ ንጋቱን? ቆይ እስቲ፣ ቤትሽ ግቢና አስቢበት። ከባልሽ ጋር ተመካከሪ።

አስካለ፦ ካሰብኩማ እቀራለሁ። እባክዎ ምንም አይበሉኝ፣ ከፈራሁ እዘጋዋለሁ… ሃሎ፣ አቶ ንጋቱ? አስካለ ነኝ። ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገ ከቡራኬው በፊት የምናገረው ነገር አለኝና ሰው እንዳይበተን ይንገሩልኝ። አዎ፣ አማቴም ባሉበት፣ እማማ አጸደም ባሉበት። ስለ ውሻ ነው። ኧረ አይደለም አቶ ንጋቱ፣ የጋሽ በልሁ ውሻ አይደለችም። መሶቡን የበላው የኔ ውሻ ነው።