የቀን ሺፍቱ ለማን ይሰጥ?

ሄሎ? … አቤት ዘሪሁን! … ኧረ አልተኛሁም፣ ምን እንቅልፍ አለ ብለህ ነው! … ምን? የቀን ሺፍት ተገኘ? ተራው የኔ ነው?

… ደስማ ብሎኛል፣ ግራ ገብቶኝ ነው እንጂ። ሱፐርቫይዘር ሆነህም አልረሳኸኝም፣ ተባረክ። ቆይ ላስብበት … አሁኑኑ?! ኧረ በናትህ!

ስማኝማ፣ አንተም ታውቃለህ። እዚህ ሰው አገር እኔ ሌሊት ካዚኖ ለቁማርተኛ ካርድ ሳድል፣ ብርቅታይት ቀን ሆቴል አልጋ ስታነጥፍ፣ ልጃችንን አርያምን ፓርኪንግ ላይ እየተቀባበልን ነው ያሳደግናት። እሷ ስታድግ ቀን እገባለሁ፣ ማታ ማታ ከሚስቴ ጋር እንደ ሰው ራት እበላለሁ ብዬ ነበር … አዎ፣ አደገች! ችግሩ ማደጓ ነው!

… እንዴት ማለት? ዳይፐሩ ሲቀር ተገላገልን አልን፣ የጥርስ ማሰሪያ መጣ። እሱን ከፍለን ሳንጨርስ መንጃ ፈቃድ አወጣች። የሷ የመኪና ኢንሹራንስ ብቻውን የኔና የናቷ ተደምሮ ከሚመጣው ይበልጣል! … አልተሳሳቱም፣ ደውዬ ቼክ አድርጌያለሁ። ልጅ ሲያድግ ወጪው ይቀንሳል ያለኝ ማን ነበር ግን?

— አርያም፣ ቁልፉን አስቀምጪ! … «ዳዲ፣ መኪናው ጋዝ የለውም» ነው የምትለኝ፣ ሰማሃት?

… ምን ላድርግ፣ የሌሊቱ ቲፕ ይሻላል። ብርቅታይት ታዝንብኛለች … እሺ፣ ቀኑን ለሌላ ሰው ስጠው።

— እ? ብርቅዬ፣ እዚያ ነበርሽ እንዴ? … ምን አልሽ? አንቺ ወደ ሌሊት ዞርሽ? የሌሊት ክፍያ ይሻላል፣ ለኢንሹራንሱ ይሆናል ብለሽ? ሳታማክሪኝ? … ውይ የኔ እናት!

ሄሎ፣ ዘሪሁን፣ ትሰማኛለህ? እንዳትሰጠው! … እሷ ሌሊት፣ እኔ ቀን ከሆንን ያው መንገድ ላይ መተላለፍ ነው። ሁለታችንም ሌሊት ከገባን ደግሞ ቀኑን አብረን ነን … አዎ፣ ጥሩ ነበር … ግን ሌሊት ቤት ውስጥ ከአርያም ጋር ማን አለ? … ትልቅ ናትማ! መኪና ያላት ትልቅ!

… ኧረ አትቀልድ! ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሞግዚት ይቀጠራል እንዴ? … ስንት ይጠይቃሉ? … ተወው፣ አትንገረኝ። ቀኑን ጻፍልኝ በቃ። … አዎ፣ ቀን።

… ራቱ? ራቱንማ ኮሌጅ ስትገባልን እንበላለን፣ ያኔ ወጪው ቀለል ይላል።

… ዘሪሁን? … ምን ያስቅሃል? … ኮሌጁ ስንት ይከፈልበታል አልክ? … ሄሎ?