በቀይ የተሰረዘው የቺንግሄ ድርሰት

መምህር ሉዎ ዪንግፑ አዲስ ሐሳብን የሚያወድሱ አርባ አንድ የእንግሊዝኛ ቃላት እያስተማሩ፣ የገዛ ልጃቸውን አዲስ ሐሳብ ለምን በቀይ ሰረዙት? ልጃቸው ቺንግሄ ይህን ጥያቄ ለአሥራ ሦስት ዓመታት ይዛ ኖረች፤ ሳትጠይቃቸውም ሞት ቀደማት።

መምህር ሉዎ ከስልሳ ስምንት ዓመት በፊት በሁናን ገጠር፣ ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ፣ ውሃውን በመጭመቂያ እያንጠፈጠፉ፣ እየሠሩ ይተዳደሩ ከነበሩት ከአባታቸው ከአቶ ሉዎ ቻንግሺ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፔንግ ሹዜን ተወለዱ። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ተቋርጦ በነበረባቸው ዓመታት እንግሊዝኛን ከሬዲዮ ለብቻቸው ተምረው፣ ፈተናው ሲመለስ የመምህራን ኮሌጅ ገቡ፤ ከዚያም በወረዳው ከተማ ሠላሳ አምስት ዓመት አስተማሩ። ከነርስ ታን ጉዪላን ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ልጅ ወለዱ።

አርባ አንዱን ቃላት በእጃቸው የጻፉበት ደብተር ነበራቸው። ይህ ቃል አዲስነትን እንጂ መልካምነትን አይመሰክርም፤ ይህኛው ሌሎች የሚከተሉትን መንገድ ለከፈተ ሰው ነው፤ ያኛውን እንግሊዞች የሚናገሩት ሐሳቡ ግራ ሲሆንባቸውና ባለቤቱን ማስቀየም ሲፈሩ ነው እያሉ በቻይንኛ ያብራሩ ነበር። ለፈተና ግን ተማሪዎቻቸው ሁሉ አንድ ድርሰት በቃላቸው ይዘው ይገቡ ነበር፤ እናት የታመመ ልጇን አዝላ በዝናብ ወደ ሐኪም ቤት ስትሮጥ የሚተርክ።

"የማደንቀው ሰው" የሚል ርእስ ሲሰጥ በአባቷ ክፍል ትማር የነበረችው የአሥራ ስድስት ዓመቷ ቺንግሄ ስለ ቶፉ ሠሪው አያቷ ጻፈች፤ "አያቴ ያላለቀሱትን ሁሉ የቶፉ መጭመቂያው ያለቅስላቸዋል" ብላ። መምህሩ ሰርዘው ዝናቡን እንድትጽፍ አዘዟት።

"አባዬ፣ እማዬ እኮ በዝናብ አዝላኝ አታውቅም" ብትላቸው፣ "ፈታኙ እናትሽን የት ያውቃታል? ዝናቡን ግን ያውቀዋል" አሏት። ክፍሉ ሳቀ። ቺንግሄ በዝናቡ ከፍተኛ ውጤት አምጥታ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ከዚያ ወዲህ የራሷ የሆነ አንድ መስመር አልጻፈችም።

መምህር ሉዎ በጉበት ሕመም አራት ወር ሲተኙ፣ አጠገባቸው ተቀምጣ ጋዜጣ አነበበችላቸው እንጂ ጥያቄውን አላነሣችም። ባለፈው ማክሰኞ ዐረፉ። እንደ አገሩ ልማድ ከመቃብሩ ዘንድ የሚቃጠሉ ዕቃዎቻቸውን ስትለይ ደብተሩን ገለጠች። ከአርባ አንዱ አብልጠው በሚያከብሩት ቃል ሥር፣ በምሳሌነት፣ የመጭመቂያው ዓረፍተ ነገር በእጃቸው ተጽፏል፤ ዳሩ ላይ "የልጄ ነው። ለፈተና አይሆንም" ይላል።

መምህር ሉዎ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ታን ጉዪላንን፣ ታናሽ እኅታቸውን ሉዎ ዪንግሁዋንና ልጃቸውን ትተው ሄደዋል። ነፍሳቸው፣ ፈታኝ በሌለበት፣ በሰላም ትረፍ።

የቀብር አዳራሹ ስም ብቻ የሚሞላበት የተዘጋጀ የዜና ሕይወት ቅጽ ሰጥቷት ነበር። ቺንግሄ እሱን ከሚቃጠሉት ጋር አኖረች፤ ደብተሩን አስቀርታ፣ አሁን የሰማችሁትን ጻፈች።