ከግድግዳ ጀርባ የምንተኩሰው ጠመንጃ

ክቡር ኢንጂነር ፋልኮ፣ የሙከራ ክፍል ባልደረቦቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤

ዱቄት በጠፋበት በዚህ ክረምት ለአንድ ሽማግሌ ብላችሁ ኬክ ስለጋገራችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ወይዘሮ ሄድቪግ፣ ካሮት ነው ብለሽኛል፤ እኔ ግን ስኳር ነው እያልኩ እየበላሁት ነው።

እንደምታውቁት ጡረታ አልወጣሁም። ስልሳ ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ሚሊሺያው ጠራኝ። ከነገ ጀምሮ የድልድዩ ጠባቂ ነኝ። የሚያስታጥቁን ደግሞ እዚሁ የሠራነውን የሕዝብ ጠመንጃ ነው። የገዛ እጄን ሥራ ሊያሸክሙኝ! ስንት ሠራተኛ እንዲህ ያለ ሽልማት አግኝቷል?

ያን ጠመንጃ ስንሠራ ከበርሊን በየጊዜው «ቀንሱ» የሚል ትእዛዝ ይመጣ ነበር። ሳይታሰብ እንዳይባርቅ የሚይዘው መቆለፊያ ቀረ። ማነጣጠሪያውም ለስም ያህል ሆነ። ሰደፉን ካልደረቀ እንጨት ጠረብነው። አንድ ቀን ኢንጂነር፣ «ኦትማር፣ አሁን ደግሞ ምኑን እንቀንስለት?» አሉኝ።

«ተኳሹን» አልኳቸው። አብረን ሳቅን። ዛሬ ማን ይስቃል?

ደንባችን ነው፤ አዲስ ናሙና በትከሻ አይተኮስም። ከአግዳሚ እንጨት ጋር እንጠፍረዋለን፣ ቃታው ላይ ገመድ እናስራለን፣ ከግድግዳ ጀርባ ሆነን እንስበዋለን። ይሄኛው ሙከራውን ሳይጨርስ፣ ከገመድ ሳይፈታ ነው ለሰው የታደለው። ድልድዩ ላይ ደግሞ ግድግዳ የለም።

«አባባ፣ ድምፅህን ቀንስ!» የምትለኝ ከኋላ ማነህ? ምን እንዳያደርጉኝ ነው? ጦር ግንባር እንዳይልኩኝ?

ዳቦ ጋጋሪው ብሩኖም አብሮኝ ይዘምታል። ትናንት መንገድ ላይ አገኘኝና፣ «አንተ ከሠራኸውማ አምነዋለሁ» አለኝ። ክንዱን ይዤ ወደ ጥግ ሳብኩት።

«ብሩኖ፣ እንዳትተኩስበት! ፊትህን ነው የሚበላው። አሜሪካኖቹ ሲመጡ መሬት ጣለውና እጅህን አንሳ።»

«እጅ የሰጠውን ሊተኩሱ ከኋላችን የሚቆሙት የኛዎቹስ?» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ እነሱ የያዙት የድሮውን ጠመንጃ ነው። የድሮው አይስትም። ፈርቻለሁ፣ ወዳጆቼ፤ ከፊትም ከኋላም ፈርቻለሁ።

እንግዲህ እናንተን ፈጣሪ ይጠብቃችሁ። ሄድቪግ፣ ባልሽን በሕይወት ያምጣልሽ። በዚህ በር የሚገባው ማንም ይሁን ማን፣ እጃችሁ ላይ ከማንኪያ በቀር ምንም አያግኝ። ፀደይ ሲመጣ ድንች የምትተክሉበት ጣት ይትረፋችሁ።

«በደህና ያገናኘን» ብል ደስ ባለኝ። ግን በምርቃት መሀል አይዋሽም።