የዲኤክሷ የኢሜይል ሐኪም

ለሜሳ ነገር ሲጀምር ሁልጊዜ ከዝናብ ነው። ያን ቀንም ከሳሊተ ምሕረት ወረድ ብሎ ካለው ጋራዡ በር ላይ፣ ወዳጁን የመለዋወጫ ነጋዴውን ሰዓድን አሮጌ ጎማ ላይ አስቀምጦ፣ ዝናቡ ዘንድሮ እንዴት እንደዘገየ አወራው። የሰዓድ ባለቤት ሀጀር ከጉንፋኗ ተሽሏት እንደሆነ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ የሚሠራው ሕንፃ ስንተኛ ፎቁ ላይ እንደደረሰ ጠየቀው። መልሱን ግን አልጠበቀም። ጆሮው ከኋላው ነበር።

ከኋላው፣ አራት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ የለሜሳ እህት የደሪቱ ልጅ ላፕቶፑን በቀይ ዲኤክሱ ጣሪያ ላይ አስቀምጦ ቅጽ ይሞላል። ዲኤክሷ የሠላሳ ዓመት አሮጊት ናት፤ ሆዷ ውስጥ ግን ከዱባይ የመጣ ባለ ቱርቦ ሞተር አለ። የሞተሩን መቀመጫ ብረት በእጁ ቆርጦ፣ በይዶ፣ ሰባት ወር ፈጅቶ የገጠመው ለሜሳ ነው። ልጁ አሁን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ የባሕር ማዶ ባለሙያ የሞተሯን ኮምፒውተር የሚያስተካክል ፋይል በኢሜይል እንዲልክለት ሊያዝዝ ነው። ፋይሉ ሲጫን ጉልበቷ በሩብ ይጨምራል አሉት። ልዘዝ አልዘዝ እያለ ሳምንት ሙሉ ሲያመነታ ከርሞ፣ ዛሬ ቅጹን ጮክ ብሎ እያነበበ ሞላው። ምን ዓይነት ቤንዚን ትጠቀማለህ ለሚለው ጥያቄ ከዝርዝሩ ምርጡን፣ ባለ ዘጠና ስምንት ኦክቴኑን መረጠ። ፈረንጅ አገራችንን እንዳይንቅ ብሎ ነው። ሞተሩን ማን ገጠመው ለሚለው ደግሞ «ራሴ» ብሎ ጻፈ። የቀረው መላኩ ብቻ ነው።

ለሜሳ በልጅነቱ ዓምደሚካኤል በሚባል መካኒክ ጋራዥ ውስጥ በጎማ ቱቦ ቤንዚን በአፉ እየሳበ ነው ያደገው። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበትን በምላሱ ይለያል። ባለ ዘጠና ስምንት የሚሉትን ግን ቀምሶት አያውቅም፤ በዚህ ከተማ የቀመሰውም አላጋጠመው። ለዚያ ቤንዚን የተሰላ ፋይል በዚህኛው ቤንዚን ላይ ቢጫን ፒስተኑ ወር እንደማይሞላው ያውቃል። «ልጄ፣ ያችን መስመር አስተካክል» ቢል ይበቃ ነበር። ነገር ግን ዓምደሚካኤል ዘንድ በቀጥታ የተናገረ ሰው መፍቻ አናቱ ላይ ያርፍበት ነበር፤ የለሜሳ ምላስም በዚያው ጠምሞ ቀረ። ያች «ራሴ» የምትለው ቃል ደግሞ ከንክናዋለች።

«እኔ ምልህ ሰዓድ… አንድ የማውቀው ሰው አለ። ሊቅ ነው። መኪናውን ሐኪም ሳይነካት ያሳክማታል። እንዲህ የታደለ ስንት አለ? እኛ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተር ላይ፣ እጀታውን ጆሯችን ላይ ደግነን ስናዳምጥ አረጀን። ለካ ጆሮ ትርፍ ነገር ኖሯል… ዕንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ብለውን ቁጭ ብለን ጠበቅን። አሁን በኢሜይል ይሄዳል።»

ሰዓድ ጎማው ላይ ተመቻቸ። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገብቶታል፤ አንገቱን ግን አላዞረም፣ ማዞር ነውር ነው። ከኋላ የልጁ ጣቶች ኮሽታ ቆመ።

ለሜሳ ድምፁን አላነሳም። ሰውየው አገር ወዳድ መሆኑን መሰከረ። ሌላው ሰው ማደያ ተሰልፎ መንግሥትን ሲያማ፣ እሱ ቤንዚናችንን ለባዕድ እንዴት እንደሚያሞግስልን ተናገረ። እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት ትባረክ አለ።

«ያን ቤንዚን ከየት እንደሚቀዳው ብጠይቀው ደስ ይለኝ ነበር… ግን እኔ ማን ነኝ? ለእኛ የሚቀዱልን ነጭ ጋዝ የጠጣውን ነው። ቦሌ ለሚውል ሰው የተለየ ጉድጓድ አይታጣም ይሆናል። ሐኪሙ እንደሁ የዋህ ነው። በሽተኛው ማር ነው የምበላው ካለው፣ ለማር በላ የሚሆነውን ያዝዝለታል። ታዲያ ንፍሮ በላው ቢሞት ጥፋቱ የማን ነው?»

ለሜሳ እስከዚህ ድረስ ወደ ቀጥታ ንግግር ቀርቦ አያውቅም። ከዚህ በላይ ቢገልጠው ልመና ይሆንበታል። ጠበቀ። ልጁ ግን ከንግግሩ ውስጥ ስድቡን ብቻ ነው የሰማው፤ ጆሮው እስከ ጫፉ ቀላ። ቅጹን መልሶ አላየውም።

«የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይላሉ። አንተ ሙስሊም ብትሆንም ተረቱን ታውቀዋለህ። እኔማ ልጥ የሚነክርብኝም አጣሁ… ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚባለውም ለእኛ ቢጤ ነው። የእሱ መከራ በእንግሊዝኛ ነው የሚመክረው፤ እኛ ብንሰማ መች ይገባናል? ብቻ እጁ ይገርመኛል። ሰባት ወር ሞተር ሲገጥም አንድ ቀን ጥፍሩ ሥር ግሪስ አላየሁበትም። እንዲህ ያለ ንጹሕ ባለሙያ አይተህ ታውቃለህ?»

አንዲት ቁልፍ ጠንከር ተደርጋ ተመታች። ላፕቶፑ ተከደነ። ቅጹ ሄዷል ማለት ነው።

የዲኤክሷ ሞተር ሲነሳ ለሜሳ እንደ ልማዱ ጆሮውን ጣለ፤ አራቱም ፒስተኖች በእኩል ይመታሉ፣ አንዱም አያንኳኳም። በዚህ ድምፅ ዳግመኛ እንደማይሰማት አወቀ። መኪናዋ በአጠገባቸው ስታልፍ የአሽከርካሪው መስኮት ክፍት ነበር። ለሜሳ ፊቱን አፈካ፣ ሁለት እጆቹን እንደ አገር ሽማግሌ ዘረጋ፣ ዓይኑን ከሰዓድ ላይ ሳይነቅል መረቀ።

«አሜን በል ሰዓድ። ዕድሜውን ያርዝምለት፣ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት። ሰው አይጣህ የሚባለው ለእኛ ለደካሞቹ ነው… ለእሱ ደግሞ ማንንም የማይሻበት ኑሮ ይስጠው። ደጁን የሚያንኳኳ ሳያስፈልገው፣ ሽበት እስኪያወጣ፣ በሰላም ብቻውን ያኑረው።»