ያላለቀው ወር

— አቤት... ሄሎ? ማን ልበል?... ውይ ጋሼ! እርስዎ ነዎት እንዴ? ቁጥሩን አላወቅሁትም እኮ... ከታች ከመዝገብ ክፍሉ ነው? እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ስልክ አለ እንዴ?... እሰይ፣ ይሠራል ማለት ነው። ሞት ይርሳኝ፣ ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት?... ተመስገን።

— አዎ፣ የዳታ ባለሙያ ፈተናውን ተፈተንኩ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገብቼ አሁን ከዚያው መምጣቴ ነው... ወዲያው ነው የሚያሳውቁት፣ ገና ከወንበሩ ሳይነሱ ስክሪኑ ላይ ይወጣል... አለፍኩ ጋሼ።

— ሄሎ? ይሰሙኛል?... ኧረ እልል አይበሉ፣ ጆሮዬ! የኃላፊያችን የዶክተሩ ጸሐፊ ክፍል ነው ያለሁት፣ ድምፅዎ እዚህ ድረስ ይሰማል... ጋሼ ናቸው እህቴ፣ የመድኃኒት መጋዘኑ ጋሼ... ሰላም ብላዎታለች።

— እዚህ ምን እንደምሠራ? እሱን እነግርዎታለሁ። መጀመሪያ ፈተናውን ልንገርዎት፣ እባክዎ። ካልነገርኩዎት የምፈነዳ ነው የሚመስለኝ።

— ብዙው ምርጫ ነው፣ ክበብ ማድረግ። መጨረሻ ላይ ግን ራሳችን የምንጽፈው አለ፣ ኩዌሪ... ኩዌሪ፣ ጋሼ። ኮምፒውተሩን በራሱ ቋንቋ መጠየቅ ማለት ነው። ይህን ቁጥር አምጣልኝ፣ በየወሩ ደምርልኝ፣ ከዚያ የሚመጡት ወራት ስንት እንደሚሆኑ ገምትልኝ እንለዋለን... አዎ፣ ያኔ አጠገብዎ ተቀምጬ ኪቦርዱን ስደበድብ የነበረው እሱ ነው።

— እና ጥያቄው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የአንድ የጫማ መደብር የሦስት ዓመት ሽያጭ ሰጡን፣ በየቀኑ የተመዘገበ። የሚቀጥሉትን ስድስት ወራት ተንብዩ ይላል። ቀላል ነው ብዬ ልጀምር ስል የመጨረሻውን ቀን አየሁት። አሥራ አንድ ይላል። ወሩ አሥራ አንደኛው ቀን ላይ ቆሟል ጋሼ። ልክ እንደኛው።

— የለም፣ አልተሳሳትኩም። ያንን ወር ቆርጬ አወጣሁና ያለቁትን ወራት ብቻ ሰጠሁት። ጎኔ የተቀመጠ አንድ የባንክ ሰውዬ ነበር፣ ስንወጣ "የጫማ ነገር ሊያከትምለት ነው መሰለኝ፣ መስመሩ ቁልቁል ወረደብኝ" አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። ዛሬ ሰላም ሳልለው ጥዬው መጣሁ።

— አንድ ነገር ደግሞ አለ። ኩዌሪው መካከል ለሰው ማስታወሻ የሚጻፍበት መስመር አለ፣ ኮምፒውተሩ ዘሎት ነው የሚያልፈው። እዚያ ላይ "ወሩ ገና አላለቀም" ብዬ ጻፍኩ... አዎ፣ የእርስዎን ቃል ነው፣ እንዳለ... አይሳቁ ጋሼ። እንባዬ መጥቶብኝ ፈታኟ ውሃ ላምጣልሽ ወይ ብላኛለች።

— ይቅር አይባልም! እርስዎ ሁልጊዜ ይቅር፣ ይቅር። ምን እንዳደረግሁዎት እኔ ነኝ የማውቀው። የኢንሱሊኑን ትእዛዝ ሳሰላ፣ የወጪ ካርዱን ከመደርደሪያው አውርደው፣ አውራ ጣትዎን ምራቅ አስነክተው እየገለጡ፣ "ልጄ፣ ይሄ ወር እኮ አላለቀም፣ የአሥራ አንድ ቀን ወጪ ብቻ ነው የተጻፈው" አሉኝ። እኔስ ምን አልኩ?... ያስታውሱታል። "ጋሼ፣ ማሽኑ እንደ እርስዎ በጣቱ አይቆጥርም" አልኩ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ስለሳቁልኝ ደስ ብሎኝ ደገምኩት። ምን ቅብጥ እንዳደረገኝ!

— ኮምፒውተሩ ምን ያድርግ? የአሥራ አንድ ቀኑን የሙሉ ወር አስመስዬ ሰጠሁት፣ የሚወስደው ሰው የቀነሰ መሰለው። መቶ ሃያ ካርቶን እናዝ የነበረውን አርባ ይበቃል አለ። እኔም አተምኩት። ለፈተናው ልምምድ ይሆነኛል፣ ይፈርሙልኝ ብዬ የለመንኩዎትም እኔ ነኝ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ኢንሱሊን አጣን። ያቺ ሁለት አውቶብስ ቀይራ የምትመጣዋ እናት ባዶ የበረዶ ዕቃዋን ታቅፋ "ነገስ ይመጣል?" ብላ የጠየቀችው እኔን ነው። ጠይቄ እነግርሻለሁ ብዬ በጓሮ በር ሹልክ አልኩባት።

— አይ፣ ሻይ ይቅርብኝ እህቴ... ውሃም ይቅርብኝ፣ እግዜር ይስጥሽ። ዶክተሩ ከጨረሱ ብቻ ንገሪኝ... ምን ሆነሻል፣ ምነው ዓይን ዓይኔን ታዪኛለሽ?... እሺ።

— አለሁ ጋሼ። ዛሬ ጸሐፊዋ ምን እንደሆነች እንጃ፣ ሦስት ጊዜ ሻይ አለችኝ... ምንድን ነው እዚያ የሚንኮሻኮሸው? ካርቶን ነው?... መዝገብ እያስተካከሉ ነው? በዚያ ጉልበትዎ አያንሡ፣ ነገ መጥቼ አግዝዎታለሁ።

— እና ያን ዕለት ስብሰባው ላይ... አይ፣ እናገረዋለሁ፣ አያቋርጡኝ። ዶክተሩ ወረቀቱን አንሥተው "ፊርማው የሽማግሌው ነው፣ ሰውዬው መቁጠር አቅቷቸዋል" ሲሉ እኔ ከእርስዎ ሁለት ወንበር አልፌ ተቀምጫለሁ። ጫማዬን ነበር የማየው። እርስዎ አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ የመጋዘኑን ቁልፎች ከቀበቶዎ ፈተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ሃያ ሁለት ዓመት የያዙትን ቁልፍ።

— ፈተናው ይለፍ፣ ከዚያ እናገራለሁ አልኩ ለራሴ። እርስዎ ታች መዝገብ ክፍል ተወርውረው አቧራ ሲቅሙ እኔ ሁለት ወር ቁጭ ብዬ የናሙና ጥያቄ ሠራሁ። ትናንት ነው የሰማሁት። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮሚቴው በእርስዎ ጉዳይ ይቀመጣል አሉ፣ ሊያሰናብቱዎት። ያኔ እንቅልፍ ከየት ይምጣ። እዚህ የመጣሁት ለዚህ ነው። ኮሚቴው ሳይቀመጥ ለዶክተሩ እነግራቸዋለሁ።

— ተዪው አይበሉኝ። አልተውም... ካለፍሽ ያሉኝን የዳታ ክፍሉን ቦታ ቢነፍጉኝ ይንፈጉኝ። የምስክር ወረቀቴን አይቀሙኝም። ቢቀሙኝስ?... እርስዎ አርጅተዋል፣ እኔ ጀማሪ ነኝ፣ እና? የጀማሪ ጥፋት በሽማግሌ ይከፈላል ያለው ማነው?

— ምን አሉኝ?... ይድገሙልኝ፣ መስመሩ ይቆራረጣል... አውቀው? አርባው እንደማይበቃ እያወቁ ነው የፈረሙት?... ለምን ጋሼ?

— "ኋላ ቀር እንዳይሉኝ ብዬ ነው" አሉኝ?... እኔ ስለሳቅሁ ነው?... አይ፣ ሁሉም ስቀዋል አይበሉኝ። ያሳቅኋቸው እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አንዲት ብልቃጥ ያልጎደለባቸው ሰው በእኔ ቀልድ አፍረው ፈረሙ... እኔ እኮ ያበላሸሁት ቁጥር ብቻ መስሎኝ ነበር ጋሼ።

— አላለቅስም። ደህና ነኝ... ይቅር ይበሉኝ። ይስሙኝማ፣ ከዛሬ በኋላ ቁልፉን...

— ወጡ? መጣሁ! ጋሼ፣ ዶክተሩ ወጡ። ስልኩን አልዘጋውም፣ እዚያው ይሁኑ፣ እርስዎም ይስሙት።

— ጤና ይስጥልኝ ዶክተር... አዎ፣ አልፌያለሁ፣ አመሰግናለሁ። የመጣሁት ግን ለሱ አይደለም። ይህቺ ወረቀት፣ አርባ ካርቶን የምትለዋ... ፊርማው የጋሼ ነው፣ ቁጥሩ ግን የኔ ነው። ያላለቀ ወር አስገብቼ ያሰላሁት እኔ ነኝ። ወሩ አላለቀም ብለው ነግረውኝ ነበር፣ ሳቅሁባቸው። ስብሰባው ላይም ዝም አልኩ። ለኮሚቴው እኔው ራሴ እናገራለሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ...

— ኮሚቴው ተቀምጦ ጨረሰ? መቼ?... ዛሬ? አራት ሰዓት ላይ? እኔ ፈተና ላይ እያለሁ?

— እህቴ፣ የስንብት ደብዳቤውን ጠዋት አንቺው ነሽ የጻፍሽው?... ደርሷቸዋል? ፈርመው ወስደዋል?

— ጋሼ... ያውቁ ነበር? ስደውልልዎት... አይ፣ ሲደውሉልኝ ደብዳቤው በእጅዎ ነበር? ያ የሚንኮሻኮሸው ካርቶን የመዝገብ አይደለም፣ የራስዎ ዕቃ ነው። ሊሰናበቱኝ ነው የደወሉት፣ አይደል?... ታዲያ እኔ ያንን ሁሉ ስለፈልፍ ምነው ዝም አሉኝ?

— ጋሼ? ይሰሙኛል?... አይውጡ፣ እባክዎ። ዶክተሩ እዚሁ ናቸው፣ ሰምተውኛል፣ ወረቀቱንም ይዘውታል። ደረጃውን እየወረድኩ ነው፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ ይጠብቁኝ... ሄሎ?... ሄሎ፣ ጋሼ?

— ዘጉት።