በስልክ የጎበኘሁት የራም ፋብሪካ

በእኛ ጊዜ መርዶ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም ነበር፣ ዛሬም ቢሆን ነውር ነው። ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ግራና ቀኝ የሚደግፍ ተዘጋጅቶ ነው እንጂ! ታዲያ ኮሮና መጣና በሩ ሁሉ ተዘጋ፣ እኔም እዚሁ በስደት አገር፣ ዳቬይተን በምትባለው ከተማ፣ ከአንድ ሱቅ ጀርባ ባለችው ክፍል ብቻዬን ቀረሁ። ባለሱቁ ዳቦና ወተት ደጃፌ ላይ ያስቀምጥና፣ «እማማ፣ ደህና ዋሉ?» ብሎ ከሩቅ ጮኾ ይሄዳል። በቃ፣ የቀኑ ጨዋታ እሱ ነው። ብቸኝነት እንዲህ ይከፋል ብዬ አላውቅም ነበር፣ ልጆቼ።

ታዲያ አንድ ቀን ልጄ ዳዊት በቪዲዮ ደወለ። እሱ ባርቤዶስ በምትባል ደሴት፣ ራም የሚባለውን መጠጥ በሚያወጣ ጥንታዊ ፋብሪካ አስጎብኚ ነው፤ በኮሮና እንግዳ ቀርቶ ግቢው ጭር ብሏል። «እማዬ፣ ዛሬ አንቺን ላስጎብኝሽ» አለኝ። እኔ ደግሞ ከእህቴ ከበላይነሽ ጋር ደብረ ብርሃን አረቄ እያወጣሁ ነው ያሳደግኩት፣ ታዲያ ደስ አይለኝም?

ከሸንኮራ አገዳው የሚቀረውን ጥቁር ማር የመሰለ ነገር አሳየኝ፣ ድፍድፉ ሲንተከተክ አሰማኝ፣ እና ያን ትልቅ የመዳብ ጋን ሳይ፣ «ወይ ጉድ! ይኼማ የእኛው ነው! እኛ በእንስራና በሸምበቆ፣ እነሱ በመዳብ! እዚህ አገር በኮሮና ምክንያት መጠጥ መሸጥ ተከልክሎ አንተ የመጠጥ ባሕር ታሳየኛለህ?» አልኩት። አልሳቀም። «በል ለበላይነሽም ደውልና አሳያት፣ ታብዳለች» ስለው ስልኩን ወደ በርሜሎቹ አዞረው።

«ትሰማኛለህ?»

«ኔትወርኩ ነው፣ እማዬ።»

ያሳየኝን በርሜል ደግሞ ያሳየኛል፣ ደግሞ ይመልሰዋል። እና በመሀሉ፣ «አጠገብሽ ሰው አለ?» ይለኛል። «ማን ይኖራል!» እለዋለሁ። ጥቂት ይሄድና፣ «እማዬ፣ አሁንስ ሰው አልመጣም?» ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ ነገሩ ገባኝ። ሰው እንዲህ ተብሎ ለምን እንደሚጠየቅ አላጣሁትም፣ እኔም ስንቱን ጠይቄያለሁ።

እሱም እኮ ብቻውን ነው፣ መርዶውን ይዞ በዚያ ባዶ ፋብሪካ ይንከራተታል። አንጀቴን በላው። ስልኩን ወደ ግድግዳው አዞርኩና፣ «አለ ልጄ፣ ጎረቤቶቼ መጥተዋል፣ ቤቱ ሞልቷል፤ በል ንገረኝ» አልኩት።

«እትዬ በላይነሽ... አረፈች።»

አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ታዲያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ስልኩን ለአንዳቸው ስጪልኝ፣ አደራ ልበላቸው!»

ሰው ከየት ላምጣ? ጉሮሮዬን ጠረግኩ፣ ድምፄን አወፈርኩና፣ «አለን፣ አይዞህ ልጄ፣ ብቻዋን አንተዋትም» አልኩት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ፣ አደራዎን» ብሎ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እኔም ደረቴን እየመታሁ እህቴን አለቀስኳት፤ «በቃሽ» የሚለኝ ሰው እንኳ አልነበረም።

«ታዲያ አላወቀብዎትም፣ እማማ?» ትሉኛላችሁ እናንተ።

ምን ያውቃል! እስከ ዛሬ ሲደውል፣ «እኚያ ደግ ጎረቤትሽ ደህና ናቸው?» ይለኛል። ደህና ናቸው እለዋለሁ። ሃ ሃ! አንዳንዴማ ሞቱ ብዬ ልገላገል እልና፣ ደሞ ያን ልጅ ማን አጠገቡ ሆኖ ያረዳዋል?