ሽምግልና የተማርኩበት በርጫ

የደርግ ጊዜ ነው፣ እዚሁ ድሬ። ተስፋዬና ጀማል አብረውኝ ባቡር ወርክሾፕ የሚሠሩ ጓደኛሞች ነበሩ። የፓርቲ ነገር መሃላቸው ገባና "ቀበሌ እጠቁምሃለሁ" መባባል ጀመሩ። ያኔ የተጠቆመ ሰው ወጥቶ ይቀራል። ጭንቅ ሲለኝ መጋላ የሚኖሩትን ሽማግሌ፣ አው ዩሱፍን፣ "ያስታርቁልኝ" ብዬ ለመንኳቸው። ከምሳ በኋላ ሦስታችንንም በርጫ ጠሩን።

ጫቱን አቀረቡና ስለ ግመል ማውራት ያዙ። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ግመል። እኔ ትራሱም አልመች አለኝ፣ በር በሩን አያለሁ። "አው ዩሱፍ፣ ወደ ጉዳዩ እንግባ እንጂ" አልኳቸው።

"ወሪያ፣ ከገባን ቆየን እኮ" አሉኝ።

ከዚያ ወደ ተስፋዬ ዞረው "ጀማል ባንተ ላይ ያለውን ቅሬታ አንተው ንገረኝ፤ ያንተን ደግሞ እሱ ይነግረኛል" አሉት። ተስፋዬ መናገር ጀመረ። መሃል ላይ አቋረጠና የጻፈውን ጥቆማ ከኪሱ አውጥቶ ቀደደው። ጀማልም የራሱን አውጥቶ ቀደደ። እፎይ ልል ስል ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተስ? ከተቀመጥክ ጀምሮ ኪስህን ትዳብሳለህ።"

ሁለቱም አዩኝ። ወረቀቱን አወጣሁት። አብሬያቸው እንዳልያዝ ፈርቼ የሁለቱንም ስም ጽፌበት ነበር።